ኡቡንቱን በሚንት ከመቀየራችን በፊት

ሰኞ፣ የካቲት 26 ቀን 2004 ዓ.ም.
ላንድማርክ፣ አሌክሳንድርያ

ለውድ አበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ እንዳልልሽ፣ ሰነበትሽ የሚባለው ሳምንት ሁለት ሳምንት ለተለያየ ሰው ነው፤ እኛ ከተያየን አምስት ወር ሊሞላን ነው። ስለዚህ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ዘንድሮ ብርዱ ምሕረት አድርጎልናልና ያ ሕመም አልተነሳብሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናትሽስ ከአዲስ አበባ ደህና ናቸው? ጾሙን እንዴት ያዝሽው? እኔ ዴይኬር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሰው ልጆች ቺዝ እየቆረስኩ መዋሌን እግዚአብሔር ይቁጠርልኝ እንጂ ደህና ነኝ።

ልጅሽ ትህትናም ደህና ናት። በሰማንያ ቀኗ ታቅፈሻት ቤተ ክርስቲያን የገባሽው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ቁመቷ ከኔ በልጧል፤ ምላሷ ደግሞ ከቁመቷ ይረዝማል። በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ስለ አንቺ ስንት ጊዜ እንደጠየቀችኝ ባልነግርሽ ይሻላል።

ይህን ፖስታ ስትቀበይ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። ከቤቴ እስከ ቤትሽ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ትራፊክ ካልያዘ አርባ ደቂቃ ነው። ስልክ እንዳልደውል ስልኬን ካነሳሽ ቆየሽ፤ አልፈርድብሽም። ቴክስት እንዳላደርግ ይህ በአውራ ጣት የሚጻፍ ነገር አይደለም። መጥቼ በርሽን እንዳላንኳኳ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ይዤልሽ የመጣሁት ደስታም ነው ኑዛዜም ነው፤ ኑዛዜውን ፊትሽን እያየሁ የምጨርሰው አልመሰለኝም።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የምታውቂውን ብደግምልሽም ታገሺኝ፤ እንዲህ በተራ ካልጻፍኩት የራሴን ጥፋት መዝለል ይቀናኛል።

መሥሪያ ቤትሽ ሊጥላቸው የነበሩትን አሥር ኮምፒውተሮች በመኪናሽ ሦስት ጊዜ ተመላልሰሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ያወረድሽ ቀን፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ነጭ ሰሌዳና እኔ ብቻ ነበርን። አንቺ ውስጣቸውን ጠርገሽ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱን ጫንሽባቸው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ወንድይራድ በነጻ የሚገኝ ነገር የት ያደርሳል ሲሉሽ፣ ዓለም ሙሉ ተባብሮ የሠራው ነው፣ ስሙም ከአፍሪካ ነው ብለሽ አፋቸውን አስያዝሻቸው። በየቁልፉ ላይ ፊደል የታተመበት ወረቀት በእጅሽ ለጠፍሽ። ልጆቹ ተረት በአማርኛ እየጻፉ በየስማቸው ማስቀመጥ ሲጀምሩ እናቶቻቸው በር ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። የይለፍ ቃሉን ደግሞ በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ፣ ከአንቺና ከኔ በቀር ማንም እንዳያውቀው ብለሽ ለኔ ሰጠሽኝ።

መስከረም ላይ ነገር ተበላሸ። አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም። ኢሜይል የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፋ። አፕዴት አይወርድም። በከፈትን ቁጥር አንድ ቢጫ ማስጠንቀቂያ እየመጣ፣ ይህ ግንኙነት አይታመንም ይለናል። አሥሩም አንድ ዓይነት በሽታ ያዛቸው።

ጥቅምት ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሆነውን አንቺም አትረሺውም፣ እኔም አልረሳውም። አቶ ወንድይራድ ምን ይሻላል ሲሉ ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ራሱ አትመኑኝ እያለ እኛ ለምን እናምነዋለን አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲጥመኝ ጨመርኩበት፤ ዋናውን ዊንዶውስ ትተን የነጻ ነገር ስንለቃቅም እንዲህ ሆንን አልኩ። አንቺ አልሳቅሽም። ወደኔ ዞረሽ፣ ሴቲንጉን የነካ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ማንም አልነካም አልኩሽ። እርግጠኛ ነሽ ስትዪኝ በእመቤታችን ስም ማልኩ። አንድ ሰዓት ስጡኝና ልየው አልሽ፤ መዘምራኑ ክፍሉን ይፈልጉታል ተባለ። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እዚያው ሜሪላንድ እንደምታስቀድሺ ከሰው ሰማሁ።

ያን ዕለት ማታ ትህትና፣ «ማም፣ ዩ ወር ሚን»፣ ክፉ ነበርሽ ብላኝ ክፍሏን ዘጋች። እኔ ግን ልክ ነኝ ብዬ ነበር። ልክ ነኝ ያለ ሰው እንቅልፉ ጥሩ ነው፤ እኔ ጥሩ አልተኛሁም።

ከዚያ የሚቀየርበትን መላ መፈለግ ጀመርን። የዊንዶውስ ዋጋ ለአሥር ማሽን የማይሞከር ሆነ። ኅዳር ላይ በፈቃዱ የሚባል ሰው ተገኘ፤ ልጁ ከኔ ተማሪዎች አንዷ ናት፣ ሥራው ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ኡቡንቱን አውጥተን ሚንት የሚባለውን ብናስገባ ምን ይመስላችኋል አለን። እሱም በነጻ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው ስለው ሳቀና፣ ሚንት ከኡቡንቱ ላይ ተነሥቶ የተሠራ ነው፣ እንደ ልጁ ቁጠሪው አለኝ። ታዲያ አባቱን አባረን ልጁን የምናስገባው ለምንድን ነው?

እንደምታውቂኝ ነገር ሲገባኝ እስከ ጥግ ነው። በምሳ ሰዓቴ ዴይኬሩ ቢሮ ተቀምጬ ሰዎች ስለ ሁለቱ የሚከራከሩበትን ማንበብ ያዝኩ። አበልጄ፣ የኛ የማኅበር ጠብ ምን አላት! ከአንድ ማዕድ ተነሥተው፣ መስኮት የሚዘጋው ምልክት በግራ ይሁን በቀኝ ይሁን ብለው ይሰዳደባሉ። አዲሱ ኡቡንቱ መልኩን ለውጦ ሁሉን ነገር በግራ በኩል ደርድሮታል፤ ያን የጠላ ሁሉ ወደ ሚንት እየሸሸ ነው። አንድ ቀን ሚንት እላለሁ፣ ማግስቱን ኡቡንቱ እላለሁ። ኮሚቴው ልጆቹን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ወስኚ ብሎ ጣለብኝ። እስከ መጋቢት ካልተስተካከለ ክፍሉ ለመዘምራን ይሰጥ የሚልም ተነሥቶ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ግራና ቀኙ አይደለም። ሚንት ሲገባ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። የልጆቹን ተረት በፈቃዱ ሌላ ቦታ ይገለብጠዋል፤ እሺ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ያስተካከልሽው፣ ፊደሉ፣ የየልጁ ስም፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀመጥሽው ያ የጣና ፎቶ፣ በገዛ እጄ ሊጠፋ ነው። ሰውየዋን በምላሴ አባረርኩ፣ አሁን ደግሞ እጇ ያረፈበትን ልጠርግ ነው አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ቂመኛይቱ አንቺ ነሽ ብዬ ለራሴ አስረድቼ ጨርሼ ነበር።

ሚንት ይግባ ብዬ ወሰንኩ። የወሰንኩት ስለመረጥኩ አይደለም፤ ማሰቡ ስለሰለቸኝ ነው።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ በፈቃዱ ሲዲውን ይዞ መጣ። ልጆቹ ሳይመጡ በጠዋት ተገናኘን። ከመጫኑ በፊት እንዲሁ ከሲዲው ላይ አስነሥተን እንሞክረው አለ፤ ለካ ሳይጭኑም መሞከር ይቻላል። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ አስገባው። አረንጓዴ ነገር መጣ፣ ቆንጆ ነው። በይ ኢሜይልሽን ክፈቺ አለኝ። ጠቅ አደረግኩ።

ያው ቢጫ ማስጠንቀቂያ! ይህ ግንኙነት አይታመንም።

እንዴ፣ ይህ ሚንት አይደለም ወይ፣ ኡቡንቱ ምን ሊሠራ መጣ አልኩት። ኡቡንቱማ የለበትም አለኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ልጅ ሲያስተምሩ እንደሚደረገው፣ መምህርት፣ እስቲ እዚያ ጥግ ላይ ሰዓቱን ጠቅ አድርገሽ ቀኑን ከነዓመቱ አንብቢልኝ አለኝ። ጠቅ አደረግኩ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2005 ይላል። እኛ ያለነው ማርች 3 ቀን 2012 ላይ ነው። ሌላውን አስነሣን፣ ያው ነው። አሥሩም ያው ናቸው።

በፈቃዱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ግን ቆሜ ሳለሁ ሁሉ ነገር መጣልኝ።

እንቁጣጣሽ ሰኞ ሊውል ቅዳሜ ዕለት ነው። ለልጆቹ ዓመታችን 2004 ሊሆን ነው ብዬ ሳስረዳ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ሶ ኢትዮጵያ ኢዝ ሌት?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። አርፍደን አይደለም፣ የራሳችን አቆጣጠር ነው እያልኩ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ማን ሊሰማኝ። በዕረፍታቸው ሰዓት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ይህ ኮምፒውተር ሁልጊዜ የአሜሪካንን ቀን ከሚያሳይ ለአንድ ቀን የኛን ቢያሳይ ምን ይለዋል? ያን አንቺ የሰጠሽኝን የይለፍ ቃል አስገባሁና አሥሩንም በየተራ ወደ 2004 መለስኳቸው። መስከረም አንድ የሚል ስለሌለው ሴፕቴምበር አንድ አልኩት። ቀኑ በራሱ እየተመለሰ ሲያስቸግረኝ፣ በራስህ አታስተካክል የሚለውን ፈልጌ እሱንም አደረግኩለት። ሴቲንግ ማለት ይህ እንደሆነ አልመጣልኝም፤ እኔ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ያዞርኩ ነው የመሰለኝ። ልጆቹ ገብተው ሲያዩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመለስን፣ እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፣ እኔ አልተወለድኩም እያሉ ጨፈሩ። እንደዚያ ቀን ያለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። በማግስቱ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። በማግስቱ ቅዳሴ፣ ከዚያ በዓል፤ ረሳሁት። ቀኑን ደግሞ ከኮምፒውተር ላይ ማን ያነባል፣ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው።

በፈቃዱ በኋላ አስረዳኝ። ድረ ገጾቹ ማንነታቸውን የሚያሳዩበት መታወቂያ አላቸው፤ መታወቂያው የተሰጠበት ቀን ተጽፎበታል። የኛ ኮምፒውተር በ2005 ላይ ቆሞ የ2011 መታወቂያ ሲያሳዩት፣ ገና ያልወጣ ወረቀት ይዛችሁ መጣችሁብኝ ብሎ ይመልሳቸዋል። ቀኑ ያለው ማሽኑ ውስጥ ስለሆነ ሚንትም ቢመጣ ያንኑ ቀን ነው የሚያነበው። እንደውም በዚህ ኮምፒውተር አቆጣጠር ሚንት የሚባል ነገር ገና ዓለም ላይ አልመጣም ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

አበልጄ፣ እኔ ነኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው እኔ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ፣ የከሰስኩሽ እኔ፣ ሰው ያሳቅኩብሽ እኔ፣ በእመቤታችን ስም በሐሰት የማልኩ እኔ። አውቄ አልማልኩም፤ ግን ያ ያንቺን አምስት ወር አይመልስልሽም። አንድ ሰዓት ስጡኝ ስትዪ ያን አንድ ሰዓት ሰጥተንሽ ቢሆን ታገኚው ነበር። ለንስሐ አባቴ ትናንት ጠዋት ስነግራቸው፣ ለእኔ መንገርሽ ግማሹ ነው፣ ግማሹ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው አሉኝ። ይቅር በዪኝ።

ሰዓታቸውን ለማስተካከል አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ሲዲውን አውጥተን ያንቺኑ ኡቡንቱ አስነሣነው፤ ኢሜይሉ ቦግ ብሎ ተከፈተ፣ አፕዴቱ መውረድ ጀመረ፣ የልጆቹ ተረት እንዳለ አለ። እልል ማለት አማረኝና ጾም ሆነብኝ። እንደዚያ የቀለለኝ ቀን ቪዛዬን ካገኘሁ ወዲህ አላውቅም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር፣ ያኔ የሳቁት ሁሉ ባሉበት ተነሥቼ ከእንቁጣጣሹ ጀምሬ እስከ መሐላው ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። አቶ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ያኔ እኔም ስቄ ነበር፣ ይህን ለእርሷ ጻፊላት አሉኝ፤ ይኸው ጽፌልሻለሁ። ክፍሉም የልጆቹ ሆኖ ይቀጥላል።

እንግዲህ መቀየሩ ምን ይሁን ተባለና እንደገና ወደኔ ተመለሰ። እኔም አንቀይርም አልኩ። ኡቡንቱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋት የሌለበትን ማባረር ከአንድ ጊዜ በላይ አልሠራም። ነገር ግን በፈቃዱ እንዳለው ለያዝነው ዓይነት አፕዴት የሚመጣለት እስከ መጪው ዓመት ሚያዝያ ነው። ከዚያ አዲሱን ኡቡንቱ ብናስገባ ልጆቹ የለመዱት መልክ ይጠፋል፤ ሚንት ደግሞ ባዕድ ሆኖ ሳለ አንቺ ከተከልሽልን ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። ከሁለቱ የትኛው ለአንቺ ሥራ ታማኝ እንደሆነ መለየት ለኔ ከባድ ነው። ስለዚህ ሲዲውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ሞክሪውና ፈቃድሽ ከሆነ አንቺው ወስኚልን። ዓመት ሙሉ ጊዜ አለን፤ መልሱ በስልክም ይሁን በአካል፣ ወይም ሲዲው ብቻ በፖስታ ተመልሶ ቢመጣ፣ እቀበለዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሁሉ በፈቃዱን፣ አንተ ባትኖር ማን ያገኘው ነበር እያለ ጀርባውን ይመታው ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም አለ። ታዲያ ማነው ብዬ ያዝኩት። ቃል አስገብተውኛል፣ መምህርት ራሷ እንድታየው አድርግ እንጂ እንዳትነግራት ተብያለሁ አለኝና ልጁን ይዞ ወጣ። መኪና ውስጥ ስነዳ ትህትና፣ ሳልጠይቃት፣ ለገና ለአንቺ ፎቶዋን ልካልሽ እንደነበር ነገረችኝ። ከክፍሉ ውስጥ የተነሳችው ነው። ከኋላዋ አንዱ ኮምፒውተር በርቶ ነበር፣ ቀኑም ይታይ ነበር አለች፤ ለበፈቃዱ የነገረው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከገና እስካሁን ሁለት ወር ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ስልክ ደውለሽ ስምሽን ማጽዳት ትችይ ነበር፤ እኔ ብሆን በዚያው ሰዓት ነበር የምደውለው።

መጥተሽ ብታዪን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነን። ማንም ምንም አይጠይቅሽም፤ እኔም ስለ ሁለቱ ወር አልጠይቅሽም። ዝም ያልሽልኝን ዝም ብዬ እቀበለዋለሁ።

እመቤታችን፣ በስሟ የበደልኳት እሷ ራሷ፣ ቤትሽን ትጠብቅልሽ። ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልሽ። የፋሲካን ዶሮ ከአንድ ሰሃን እንድንበላ እግዚአብሔር ይፍቀድልን።

አበልጅሽ፣
የልጅሽ እናት